ባለቅኔው ያልኖረበት ቤት፦ አርተር ራምቦ በሐረር

ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ፣ የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ በማያቋርጥበት በመኪና ግርግር በኩል ወደ ጀጎል መካከል የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ብዙም ሳይርቅ ከአካባቢው ቤቶች ጋር የማይመሳሰል ትልቅ ሕንፃ ይገጥመዋል። የሐረሪ ቤት በድንጋይ ተገንብቶና በግቢ አጥር ተከልሎ ውበቱን ወደ ውስጥ የሚሸሽግ ነው። ይህኛው ግን ጌጡን ሁሉ ወደ ውጭ አውጥቷል፤ ፊቱ በተቀረጸ እንጨት ተሸልሟል፣ መስኮቶቹ ባለቀለም መስተዋት ለብሰዋል፣ የላይኛው ፎቅ ጣሪያ በሥዕል አጊጧል። ከላይኛው ፎቅ ሲመለከቱ የከተማዋ ጣሪያዎችና ሚናራዎች ከፊት ይዘረጋሉ። ነዋሪው ራምቦ ቤት ይለዋል። ዛሬ ፈረንሳዊውን ባለቅኔ አርተር ራምቦን የሚያስታውስ ቤተ መዘክር ሆኖ የቆዩ የሐረር ፎቶግራፎችና የሕይወት ታሪኩን የሚገልጹ ጽሑፎች ለእይታ ቀርበውበታል።

ይሁንና ራምቦ በዚህ ቤት አልኖረም። ሕንፃውን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ፣ ራምቦ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። ይህ ለተመራማሪ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለአገር ጎብኚዎች የሚዘጋጁ መምሪያዎች እንኳ ሳይጠቅሱት አያልፉም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ጉዳይ ነው። ራምቦ ሐረር ሲገባ ግጥም መጻፍ ካቆመ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ወደ ከተማዋ የገባው ነጋዴ ነው፤ ከከተማዋ በቃሬዛ የወጣውም ነጋዴ ነው። ስለዚህ ቤቱ በሁለት መንገድ ባዶ ነው፦ ሰውየው በቤቱ አልነበረም፣ ባለቅኔውም በሰውየው ውስጥ አልነበረም። ቤቱ ምንን እንደሚያስታውስ ለመረዳት ሕይወቱን ከሐረር አንጻር መመልከት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርተር ራምቦ ጥቅምት 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በሻርልቪል ተወለደ። አባቱ በአልጄሪያ ያገለገለ የጦር መኮንን ሲሆን፣ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡን ጥሎ ሄዶ ዳግም አልተመለሰም። ልጆቹን ያሳደገችው የገበሬ ልጅ የሆነችው እናቱ ናት፤ ጥብቅ፣ ቁጥብና ሃይማኖተኛ ሴት ነበረች። ልጇ በላቲን ግጥም ሽልማት የሚያሸንፍ ተማሪ ሆኖ አደገ፤ በ1870 ግን ከቤት ጠፍቶ ወደ ፓሪስ ሄደና ለባቡር የሚከፍለው ስላልነበረው ታሰረ። በሚቀጥለው ዓመት በመስከረም ባለቅኔው ፖል ቬርሌን ወደ ፓሪስ ጠራው። ሁለቱ ለንደንና ብራስልስ አብረው ቆዩ፤ ግንኙነታቸው ሐምሌ 1873 ብራስልስ ውስጥ ቬርሌን በሽጉጥ ተኩሶ የራምቦን እጅ በማቁሰሉ አበቃ። በዚያው ዓመት ራምቦ በሮሽ በነበረው የእናቱ የእርሻ ቤት ተቀምጦ በገሃነም አንድ ወቅት የተባለውን መጽሐፍ ጨረሰ፤ መጽሐፉ ብራስልስ ታተመ፣ ነገር ግን የማሳተሚያው ዋጋ ስላልተከፈለ አብዛኛው ቅጂ እስከ 1901 ድረስ በማተሚያ ቤቱ መጋዘን ተረስቶ ቀረ። ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው ጽሕፈቱ ሁሉ አብቅቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የደች ቅኝ ገዥ ጦር ወታደር ሆኖ ጃቫ ደርሶ ከድቶ ተመለሰ፤ ቆጵሮስም በሥራ ተቆጣጣሪነት ተቀጠረ። ነሐሴ 1880 አደን ሲደርስ ሥራ ፈላጊ ነበር።

አደን የነበረው የባርዴ የቡና ንግድ ድርጅት ቀጠረው፤ በዓመቱ መጨረሻም ወደ ሐረር ላከው። ከዘይላ ተነሥቶ የሶማሌን በረሃ በፈረስ ሲያቋርጥ ሃያ ቀን ያህል ፈጀበት። ሐረር በዚያ ጊዜ በግብፅ ወታደሮች እጅ ነበረች። ከ1875 ወዲህ የገባው የግብፅ አስተዳደር የአሚሮቹን ሥልጣን ሽሮ፣ ግብር እየሰበሰበ ከተማዋን ይገዛ ነበር። ለአውሮፓውያን ለረጅም ዘመን ዝግ የነበረችው ከተማ በሯን ለውጭ ነጋዴ የከፈተችው በዚህ ወረራ ምክንያት ነው። ራምቦን ወደ ሐረር ያደረሰው ብዙ ጊዜ እንደሚባለው የጀብዱ ጥማት ብቻ ሳይሆን፣ የካይሮ መንግሥት መስፋፋት የፈጠረው የቡና፣ የቆዳ፣ የሙጫና የዝሆን ጥርስ ገበያ ነው። በቤቱ ግድግዳ ላይ ያሉት ጽሑፎች የሚያተኩሩት በሰውየው ላይ ስለሆነ ይህ ዐውድ ለጎብኚው በቀላሉ አይታየውም።

የመጀመሪያው ቆይታው አንድ ዓመት ያህል ነበር። ለቤተሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በመሰላቸት የተሞሉ ናቸው፤ ከዚያ የተረፈው ገጽ የመጽሐፍ ትእዛዝ ነው። የአናጢነት፣ የብረታ ብረት፣ የቆዳ ፋቂነት፣ የውኃ ቁፋሮ፣ የመሬት ቅየሳ መጻሕፍት እንዲላኩለት ይጠይቃል። ግጥም አንድም የለበትም። አባቱ ከአልጄሪያ ያመጣቸው የዐረብኛ ወረቀቶች ተፈልገው እንዲላኩለትም ጠይቋል።

በ1883 ድርጅቱን ወክሎ የሐረር ቢሮ ኃላፊ ሆኖ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ካሜራ ይዞ ነበር። ከዚያ ዓመት የተረፉት ጥቂት ፎቶግራፎች ሐረርን በተመለከተ ካሉት ቀደምት የምስል ማስረጃዎች መካከል ናቸው። በአንደኛው አንድ የቆዳ ስልቻ ሠሪ ከዕቃዎቹ መካከል ተቀምጦ ይታያል፤ ሌላው የሥራ ባልደረባው የነበረውን ግሪካዊ ነጋዴ ሶቲሮን ያሳያል። ሦስቱ የራሱ ምስሎች ናቸው። በአንዱ በቤት ሰገነት ላይ ቆሟል፤ በሁለተኛው በቡና ተክል መካከል፣ በሦስተኛውም በሙዝ ተክል መካከል እጆቹን አጣምሮ ይታያል። ግንቦት 6 ቀን ለቤተሰቡ ሲልካቸው፣ ምስሎቹ የነጡት ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውኃ ምክንያት እንደሆነ ገልጿል። ፊቱ በምስሎቹ ላይ በግልጽ አይለይም።

ያ ደብዳቤ ከሐረር ከወጡት ሁሉ ምናልባት ዋነኛው ነው። ከፎቶግራፎቹ ጋር የተላከው ገጽ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ሳይሆን የሽማግሌ ይመስላል። አግብቶ ቢሆን ኖሮ ብሎ ይቆጫል፤ ቢያንስ አንድ ልጅ ወልዶ፣ እንደ ራሱ አሳብ አሳድጎና በዘመኑ ከሚገኘው ትምህርት ሁሉ የተሟላውን አስተምሮ፣ ታዋቂና በሳይንስ ኃያል መሐንዲስ ሲሆን ማየትን ይመኛል። ወዲያው ደግሞ በዚህ ተራራማ አገር ውስጥ ዕድሜው ምን ያህል እንደሚሆን ማን ያውቃል ብሎ ምኞቱን ይተወዋል። ልጁን ባለቅኔ አድርጎ አላሰበውም። በዚያ ገጽ ላይ የሚገኘው ተስፋ የቴክኒክ መጻሕፍቱን ዝርዝር ያስረዳል፤ መጻሕፍቱ ለንግድ ብቻ ሳይሆን ለሌላ፣ ሳይኖረው ለቀረ ሕይወት የታዘዙ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ሶቲሮ ወደ ኦጋዴን ተልኮ ያመጣውን መረጃ ራምቦ አጠናቅሮ ስለ ጎሳዎቹ፣ ስለ ከብት ሀብታቸው፣ ስለ ዝሆንና ሰጎን አደን የሚገልጽ ደረቅ ሆኖም ጥርት ያለ ዘገባ ጻፈ። የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1884 አሳተመው፤ የደራሲውን ምስልና የሕይወት ታሪክም እንዲልክ ጠየቀው። ምላሽ መስጠቱን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ከሱዳን የማህዲ አመፅ በኋላ ግብፅ ሐረርን ለመልቀቅ በመወሰኗ የባርዴ ቢሮ ተዘጋ፤ ራምቦም ወደ አደን ወረደ። በዚያ ከአንዲት ሐበሻ ሴት ጋር ለተወሰነ ጊዜ አብሮ ኖሯል። ስለ እርሷ የሚታወቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉትም በአንድ አንቀጽ አሰናብተዋታል።

ቀጥሎ የመጣው የጦር መሣሪያ ንግድ ነው። በ1885 ፒየር ላባቱ ከተባለ በሸዋ ከሚነግድ ፈረንሳዊ ጋር ተዋውሎ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ አሮጌ ጠመንጃዎችን ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለማቅረብ ታጁራ ላይ ሰፈረ። እዚያም ለአንድ ዓመት ያህል ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ቆየ። ከታጁራ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች በአንዱ የአንትዋን ዳባዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ተገዝቶ እንዲላክለት ጠይቋል፤ መዝገበ ቃላቱ ገና በ1881 የታተመ ነበር። ላባቱ ታምሞ ሞተ፤ አብሮት ሊጓዝ አስቦ የነበረው ሶሌዬም አደን ላይ በድንገት አረፈ። ራምቦ በጥቅምት 1886 ቅፍለቱን ብቻውን እየመራ ተነሣ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ ላ ቮግ የተባለው መጽሔት ኢሉሚናሲዮን የተባሉትን ግጥሞቹን ሲያትም፣ ደራሲው እንደ ሟች ተቆጥሮ ነበር። የፈረንሳይ ግጥምን አቅጣጫ የሚቀይሩ ገጾች በሚነበቡበት ወቅት ጸሐፊያቸው በአፋር በረሃ የግመል ኪራይ ይከራከር ነበር።

የካቲት 6 ቀን 1887 አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ አልነበሩም። ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት የሐረርን አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማዋን ይዘው ነበር። እንጦጦ ላይ ሲገናኙ ንጉሡ ጠመንጃዎቹን በቅናሽ ዋጋ ገዙ፤ የላባቱን ዕዳም ከሒሳቡ ላይ ቀነሱ፤ ለቀሪውም ሐረር ላይ በደጃዝማች (ኋላ ራስ) መኮንን በኩል እንዲከፈለው ትእዛዝ ሰጡት። የላባቱ ባለዕዳ ነን የሚሉ ሰዎች፣ ኢትዮጵያዊት ሚስቱም ጭምር፣ ከየአቅጣጫው ከበቡት። በዚህ ግርግር መካከል ራምቦ ከ30 በላይ የሚሆኑ የላባቱን የማስታወሻ ደብተሮች በእሳት አቃጠለ። ድርጊቱን ራሱ ጽፎ ትቶታል። ለሸዋ የንግድ ታሪክ አጥኚ ከዚህ የሚያንገበግብ ገጽ በደብዳቤዎቹ ውስጥ አይገኝም፤ በምኒልክ አገር ለዓመታት የነገደ ሰው የጻፈው ሁሉ በአንድ የተበሳጨ ነጋዴ እጅ ዐመድ ሆኗል።

ኪሳራውን በተመለከተ ለአደን የፈረንሳይ ምክትል ቆንስላ ዝርዝር ሒሳብ አቅርቦ ከካፒታሉ 60 በመቶውን ማጣቱን አመልክቷል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ ከካይሮ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ከ16,000 ፍራንክ በላይ ወርቅ በወገቡ ታጥቆ እንደሚዞር፣ ክብደቱም ስምንት ኪሎ ያህል መሆኑንና ሆዱን እያሳመመው መሆኑን ይነግራቸዋል። ለቆንስላ የተጻፈ ሒሳብና ለእናት የተጻፈ ሒሳብ የተለያየ ዓላማ እንዳለው መዘንጋት የለበትም።

ከ1888 ጀምሮ ራምቦ በሐረር የራሱ ንግድ ነበረው። አደን ካለው ከሴዛር ቲያን ጋር በሽርክና፣ ሸዋ ካለው ከስዊሳዊው መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ደግሞ በልውውጥ ይሠራ ነበር። ከባሕር ማዶ ጨርቅና የቤት ዕቃ ያስመጣል፤ ቡና፣ ቆዳ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይልካል። ከኢልግ ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች በ1965 በዣን ቮልሚ አማካይነት ታትመዋል። በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ያለው ሰው ከቤተሰቡ ደብዳቤ ውስጥ ካለው የተለየ ነው፤ ተረበኛ፣ ነገር አዋቂ፣ የገበያውንና የቤተ መንግሥቱን ወሬ በጥሩ ስላቅ የሚያቀርብ ነው። እናቱ ዘንድ የሚያለቅሰው ሰው ኢልግ ዘንድ ይሥቃል።

የባሪያ ንግድ ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። በ1930ዎቹ ኢኒድ ስታርኪ ራምቦ በባሪያ ንግድ ተሳትፏል የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሳ ነበር፤ ማሪዮ ማቱቺ በኋላ የቀረበውን ማስረጃ መርምሮ ውድቅ አድርጎታል። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች አብዛኞቹ የማቱቺን አቋም ይቀበላሉ። ይህ ግን ራምቦን ከጉዳዩ ሙሉ በሙሉ አያጠራውም። ለኢልግ በጻፈው አንድ ደብዳቤ ከበቅሎ ጋር ሁለት ወንድ ልጆች ባሮች ለግል አገልግሎቱ እንዲገዛለት ጠይቋል፤ ኢልግም እንደማያደርገው መልሶለታል። ነጋዴ አልነበረም በሚለው ክርክር ውስጥ ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ እንደ ግርጌ ማስታወሻ ይታያል። የሚገባው ቦታ ግን የሕይወት ታሪኩ ዋና ገጽ ነው።

በ1890 የአንድ የፈረንሳይ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አዘጋጅ የአዲሱ ትውልድ ባለቅኔዎች መሪ አድርጎ እንደሚያየው ገልጾ ሥራ እንዲልክለት ጻፈለት። ራምቦ መልስ ስለመስጠቱ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ደብዳቤውን ግን አልጣለውም፤ ከወረቀቶቹ መካከል ተገኝቷል። ግጥሙን ፈጽሞ ረስቶ ነበር ለሚሉት ይህች አንዲት የተቀመጠች ወረቀት ጥቂት ጥርጣሬ ልትፈጥርባቸው ይገባል።

በ1891 መጀመሪያ የቀኝ ጉልበቱ ማበጥ ጀመረ። በወራት ውስጥ መራመድ አቃተው፤ ከአልጋው ሆኖ የቡናውን ሚዛን እስከ መቆጣጠር ደረሰ። ዕቃውን በችኮላና በኪሳራ ሸጦ፣ ራሱ ባሠራው ሸራ የለበሰ ቃሬዛ ላይ ተጋደመና ሚያዝያ 7 ቀን ከሐረር ወጣ። አሥራ ስድስት ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የዘይላ መንገድ ከአሥር ቀናት በላይ ተሸክመውት ተጓዙ። ሕመሙ በሚፋታው ጊዜ የየዕለቱን መንገድ በአጭር በአጭሩ መዝግቧል፤ የሰፈሩበትን፣ የተነሡበትን ሰዓት፣ ግመሎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ያለ መጠለያ ዝናብ የወረደበትን ሌሊት። በወጣትነቱ አገር ለአገር በእግሩ ይዞር የነበረው ሰው የጻፈው የመጨረሻው የጉዞ ማስታወሻ ይህ ነው።

ግንቦት 20 ማርሴይ ደረሰ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ከሐረር ራስ መኮንን ማዘናቸውንና በደኅና እንዲመለስ መመኘታቸውን ጻፉለት። በሐምሌ ወደ ሮሽ ቢመለስም ስላልተሻለው ከእኅቱ ከኢዛቤል ጋር እንደገና ማርሴይ ሆስፒታል ገባ። ኅዳር 9 ቀን ለመርከብ ድርጅት ኃላፊ ያስጻፈው ደብዳቤ የዝሆን ጥርሶችን ይቆጥርና በስንት ሰዓት ወደ መርከቡ መወሰድ እንዳለበት ይጠይቃል። በማግስቱ፣ ኅዳር 10 ቀን 1891፣ በ37 ዓመቱ አረፈ። ከገንዘቡ 3,000 ፍራንክ በሐረር አገልጋዩ ለነበረው ለጃሚ ወዳይ እንዲሰጥ አሳስቦ ነበር፤ ገንዘቡ ሲደርስ ጃሚ ራሱ በሕይወት ስላልነበረ ለወራሾቹ ተላለፈ።

ከሞቱ በኋላ ኢዛቤልና ባሏ ፓቴርን ቤሪሾን የወንድሟን ስም የማስከበር ሥራ ያዙ። ቤሪሾን በ1899 የሐረርንና የአደንን ደብዳቤዎች ሲያሳትም ቃላትን ለወጠ፣ የገንዘብ መጠኖችን ከፍ አደረገ፣ ራምቦን የተሳካለትና የተከበረ ሰው አስመስሎ አቀረበ። የኋላ አዘጋጆች ከእጅ ጽሑፎቹ ጋር እያስተያዩ እስኪያርሙት ድረስ፣ የሐረሩ ራምቦ ከፊሉ የአማቹ ድርሰት ነበር። የተስተካከለ ሕይወት ያልነበረው ሰው በሞት የተስተካከለ ሕይወት ተሰጠው፤ ያልኖረበት ያማረ ቤት የተሰጠውም በተመሳሳይ መንገድ ነው።

በርግጥ የኖረባቸው ቤቶች ዕጣ የተለያየ ሆኗል። ዋነኛ መጽሐፉን የጻፈበት የሮሽ እርሻ ቤት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈርሷል። ሊያመልጣት ዕድሜውን ሙሉ የሞከረባት ሻርልቪል በወንዙ ዳር ቤተሰቡ የተከራየውን ቤት ለጎብኚ ከፍታለች፤ መቃብሩም እዚያው ነው። በሐረር፣ በአደባባዩ አጠገብ የነበረው የባርዴ ቢሮም ሆነ በኋላ የተከራያቸው ቤቶች በእርግጠኝነት ተለይተው ለጎብኚ የሚታዩ አይደሉም። ስሙን የተሸከመው የሕንዳዊው ነጋዴ ቤት ነው።

ይህ ለቤቱ ውድቀት ተደርጎ መታየት የለበትም። ከምኒልክ ድል በኋላ በሐረር የበረከቱት የሕንድ ነጋዴዎች በከተማዋ ሕንፃዎች ላይ የተዉት አሻራ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል፤ ጀጎል በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም እነዚህ ባለፎቅ የነጋዴ ቤቶች ከከተማዋ የቤት ዓይነቶች እንደ አንዱ ተቆጥረዋል። አንድ ሕንዳዊ ያሠራው ቤት የአንድ ፈረንሳዊ ስም በመያዙ ከመፍረስ ተርፏል ማለት ይቻላል። የቀረው ጉድለት የሠሪው ታሪክ በገዛ ቤቱ ውስጥ ተገቢውን ግድግዳ አለማግኘቱ ነው፤ የጃሚም፣ የአሥራ ስድስቱ ተሸካሚዎችም እንዲሁ። ለሦስቱም የሚሆን ቦታ አለ፤ ክፍሎቹ ሰፊዎች ናቸው።

ከ1883ቱ ፎቶግራፎች የተገለበጡ ቅጂዎች በዚህ ቤት ተሰቅለዋል። ሰገነት ላይ የቆመው ሰው ከበስተጀርባው የተራራ መስመር በስሱ ይታያል። ሰገነቱ የሌላ ቤት ነው። ፊቱን ያነጣው ግን የሐረር ውኃ ነው።